ፈረስ መጋላ የቆመችውን 404 የራሊ መኪና አድርጎ በትንሹ መሥራት

ሐረር ተቀምጣችሁ የውድድር መኪና ሞዴል መሥራት ካማራችሁ ፌራሪውን ለጊዜው ተዉት። አደባባዩ ፈረስ መጋላ ሂዱ። ባጃጁ ቢበዛም ታክሲ የሆኑት ፔጆ 404ዎቹ ዛሬም አሉ። ይቺ መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ አሸንፋለች፦ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ.። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጣችው ኒክ ኖዊኪ እና ፓዲ ክሊፍ የነዷት 404 ናት። ሁለቱ በ1968 ድሉን ደገሙት፤ ያን ዓመትም የጨረሱት 7 መኪኖች ብቻ ነበሩ። የ1966ን እና የ1967ን ደግሞ በርት ሻንክላንድ እና ክሪስ ሮዝዌል ወሰዱ። ሁሉም በ404።

ለከተማዬ አድልቼ አይደለም ይህን የምለው። ሞዴል ለሚሠራ ሰው እውነተኛዋን መኪና በእጁ ከመዳበስ የሚበልጥ ነገር የለም። የፎርሙላ 1 መኪና ለመሥራት የሰው ፎቶ ማመን አለባችሁ። 404ን ግን ሄዳችሁ ትለካላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ሥሯን ታያላችሁ፣ ክንፏን በመዳፋችሁ ትከተላላችሁ። አውሮፓ ያለ ሞዴል ሠሪ ይህን ዕድል ቢያገኝ እንዴት ደስ ባለው!

መጠኑ 1/24 ይሁን። እውነተኛዋ ላይ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የ404 ርዝመት 4.44 ሜትር ገደማ ነው፤ ለ24 ሲካፈል 18.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2.65 ሜትር ነው፤ ሞዴሉ ላይ 11 ሴንቲ ሜትር። ወርዷ 6.7፣ ቁመቷ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እነዚህን አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የሥራ ጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፉ። የቀረውን ሁሉ ራሳችሁ ትለካላችሁ።

ለመለካት ጠዋት፣ ታክሲዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ ሂዱ። ሹፌሩን አስፈቅዱ፣ ምን ልትሠሩ እንደሆነ ንገሩ። እኔን ያስተናገዱኝ አባት ሜትሬን ሲያዩ፣ «አቦ፣ የፈለግከውን ለካ፤ የግራው ፓራፋንጎ ግን የሷ አይደለም» አሉኝ። ይህ ቃል ትልቅ ትምህርት ነው። እነዚህ መኪኖች ስንት ጊዜ ተበይደዋል፣ ስንት ጊዜ ስቱኮ ተመትተዋል። ፓራውልቱ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የፊት መብራቱም እንደዚያው። ስለዚህ የግራውንም የቀኙንም ጎን ለኩ። ሲለያዩ ሹፌሩን ጠይቁ፤ የትኛው የፋብሪካ እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላ አንድ 404 ብትጨምሩበት ደግሞ ነገሩ ይጠራል። ጣሪያ ላይ ያለውን ፖርቶመጋላ ከቁመቱ ውስጥ አታስገቡት።

ፎቶውን ስታነሡ ወደ መኪናዋ አትጠጉ። በቅርብ የተነሣ ፎቶ አፍንጫዋን ያሳብጣል፣ ጭራዋን ያሳንሳል። ቢያንስ አስር ሜትር ራቁና ዙም አድርጉ። ስልኩን በበሩ እጀታ ከፍታ ያዙት። ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ አንሡ። ከላይ ለማንሣት ሰገነት ያለው ቤት ብትለምኑ ያዋጣል። ከዚያ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ የጎኑን ፎቶ መኪናዋ ልክ 18.5 ሴንቲ ሜትር እስክትሆን አሳትሙት። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ያ ወረቀት ፕላናችሁ ነው።

አካሏን የምቀርጸው ከዋንዛ ነው። ዋንዛ ለስላሳ ነው፣ ለመቅረጽ አያስቸግርም፣ የቤት ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ጋም ቁራጩ አይጠፋም። በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ቀለም ከተቀባ በኋላ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል። ከመስኮት በታች ያለውን አካል ለብቻ፣ ጣሪያውን ለብቻ ቅረጹ። አንድ ላይ ከቀረጻችሁት መስኮቶቹን ጥቁር ከመቀባት ሌላ ምርጫ የላችሁም። መሪና ወንበሯ የማይታይ የራሊ መኪና ደግሞ አታጠግብም።

የታተመውን የጎን ፎቶ በኮላ እንጨቱ ላይ ለጥፉና እንጨቱን ሞርሳ ላይ አስራችሁ በመጋዝ ቅርጹን አውጡ። ከዚያ ከላይ የሚታየውን ቅርጽ ቁረጡ። ሁለቱም ሳይቆረጡ ጠርዝ ማለስለስ አትጀምሩ። ውስጡን በትራፓኖ ደጋግማችሁ ብሱና በመሮ ጥረጉት፤ ግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። በጣም የምትጠነቀቁበት ቦታ ኋላዋ ነው። 404ን የነደፋት የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ መልኳ ያለው ወደ ኋላ መብራቷ እየሾሉ በሚሄዱት ሁለት ክንፎች ላይ ነው። እዚያ ሞረድ አታስጠጉ። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተጠቀለለ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብቻ፣ ግራና ቀኙን እያፈራረቃችሁ ሂዱ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ክንፎቹን ያበላልጣል።

ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች ከሽቦ ይሠራሉ። 1.5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሽቦ ቀጥ አድርጋችሁ፣ አካሉም ጣሪያውም ላይ በጠባብ መብሻ በስታችሁ በሱፐር ግሉ አጣብቁ። የፊት መስታወቱ ምሰሶ ስንት ዲግሪ እንደሚያጋድል ከፎቶው ላይ ለኩ፤ በግምት ከተሠራ መኪናዋ ሌላ መኪና ትሆናለች። መስታወቱን ከሃይላንድ ጠርሙስ ለስላሳው ክፍል ቁረጡት። ጠርሙሱ ራሱ የጎበጠ ስለሆነ ለፊት መስታወት ኩርባ ይመቻል። ግን ቀለም ሳያልቅ አታስገቡት። ሱፐር ግሉም አታስጠጉበት፤ ጭሱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ በስንጥር ጫፍ ይበቃል፣ ሲደርቅ ግልጽ ነው።

የበርና የኮፈኖ መስመሮችን በከተር ምላጭ ጀርባ እየጎተታችሁ አውጡ፤ በስለቱ ከሆነ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። እውነተኛ በር ላይ ያለው ክፍተት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሞዴሉ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ቀጭን፣ በጣም ቀጭን። ወፍራም መስመር ያለው ሞዴል ከሩቅም አሻንጉሊት ነው የሚመስለው።

ጎማ። የ404 ጎማ በ1/24 ዲያሜትሩ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኪሳችሁ ያለው የአንድ ብር ሳንቲም ልክ ያህል ነውና እንደ መለኪያ ተጠቀሙበት። ከወፍራም ሸበጥ ጫማ ሶል ላይ ክብ እየቆረጣችሁ መሐሉን ብሱ። በብሎን ትራፓኖ ላይ አስራችሁ፣ እየዞረ በብርጭቆ ወረቀት ንኩት፤ በአንድ ጊዜ ክብ ይሆናል። ቸርኬው ላይ የሚሆነው ቆብ ደግሞ የሶፋ ሚስማር ነው። ያ ጉብ ያለው የሚያብረቀርቅ አናቱ ለ404 የተሠራ ነው የሚመስለው። ለፊት መብራት ግልጽ ዶቃ ግማሹን ፈግፍጉና ከኋላው የማስቲካ ወረቀት ብሩን አድርጉ። የፊት ግሪሉ አግድም ቀጫጭን ዘንጎች አሉት፤ ጥርሱ የደቀቀ ማበጠሪያ ቁረጡና አጋድሙት። ተጨማሪ መብራት፣ የጭቃ መከላከያ፣ የኮፈኖ ማሰሪያ የመሳሰሉትን የምትሠሩባት መኪና ፎቶ ላይ ካያችሁ ብቻ ጨምሩ።

ከቀለም በፊት ያለው ቀለም

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ቀለም ገመና አይሸፍንም፤ ገላልጦ ያወጣል። በእጅ የማይታወቅ ጭረት ቀለም ሲያርፍበት ከክፍሉ ማዶ ይታያል። ስለዚህ ከጠቅላላው ጊዜያችሁ ግማሹን ለገጹ ስጡት።

ዋንዛ ቀዳዳ አለው፣ ቀለም ይጠጣል። መጀመሪያ በቲነር የቀጠነ ቫርኒሽ ሁለቴ አጠጡት። ሲደርቅ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ጉድጓድ ያለበት ቦታ ላይ የመኪና ስቱኮ በትንሹ፣ ማድረቂያውን ቀላቅላችሁ ምቱ። የሠራችሁትን የበር መስመር እንዳይደፍነው አደራ። ከዚያ ግራጫ መነሻ ቀለም ርጩ። ግራጫውን የምመርጠው ጥላ ስለሚያሳይ ነው። መኪናዋን መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ በሰያፍ ብርሃን አዙራችሁ ስታዩ እያንዳንዱ ጭረት ይጠራችኋል። 400 ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ፈግፍጉ፣ እንደገና መነሻ ርጩ፣ በ800 ፈግፍጉ። በሰያፍ ብርሃን ምንም እስከማይታይ ድረስ ይህንን ድገሙት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሞዴልን ሞዴል የሚያደርገው ይህ ነው።

ቀለም ስትገዙ ዓይነቱን ጠይቁ። ቶሎ የሚደርቀው ኒትሮ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ሲንተቲክ። ኒትሮ በደንብ ከደረቀ በላዩ ሲንተቲክ መቀባት ይቻላል። ሲንተቲክ ላይ ኒትሮ ከረጫችሁ ግን ሥሩ ተኮማትሮ ይነሣል፣ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ ይመጣል። ስፕሬይ ጣሳም ቢሆን እንዲሁ ነው። መነሻውንም ዋናውንም ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ዓይነት ግዙ። ጣሳውን ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስትወርዱ ብትገዙ ምርጫ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት፤ ክዳኑ ላይ ያለው ቀለምና ውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

የአየሩ ነገር ድሬና ሐረር ላይ ይለያያል። ድሬ ላይ እኩለ ቀን ከረጫችሁ ቀለሙ ገና አየር ላይ ሳለ ይደርቅና አካሉ ላይ ዱቄት ሆኖ ያርፋል። እዚያ ያላችሁ ሰዎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስና አቧራ ሳይነሣ ጨርሱ። ሐረር ክረምት ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኒትሮ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ቀለሙ ላይ ነጭ ጉም ይወጣል። ዝናብ ካረገዘ ቀን ተዉት። በበጋ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ቅዝቃዜው ሲለቅ፣ በጣም ይመቻል።

መርጫ ቦታው ነፋሻማ ያልሆነ ግን አየር ያለው በረንዳ ይሁን። ወለሉን ውሃ ርጩበት፣ አቧራ ይይዝላችኋል። የሱፍ ሹራብ አውልቁ፤ ፀጉሩ ቀለሙ ላይ ነው የሚያርፈው። አፍንጫችሁን በቀለም ቀቢ ማስክ ሸፍኑ፤ ተራው የሐኪም ቤት ማስክ ቲነር አያቆምም። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር፦ ቡና እየተፈላ አትርጩ። ምድጃ ላይ ያለ ከሰልና የቲነር ጭስ አንድ ግቢ ውስጥ መገናኘት የለባቸውም።

ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ ፈጽሞ እሳት ላይ አታስጠጉት። በደንብ ነቅንቁ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ራቁ። መርጨቱን ከመኪናዋ ውጭ ጀምሩ፣ አልፋችሁ ከመኪናዋ ውጭ አቁሙ። ቁልፉን መኪናዋ ላይ እያለ ከለቀቃችሁት ነጠብጣብ ይተፋል። የመጀመሪያው ዙር ግራጫውን መሸፈን የለበትም፤ ብን ብሎ ያረፈ ይሁን። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሁለተኛውን ርጩ። ሦስተኛው ላይ ይሸፍናል። ከዚያ የጫማ ካርቶን ደፍታችሁባት ሂዱ። እስከ ማግስቱ ድረስ አትንኳት።

ጋራዥ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር ማስቀባትስ? ነጭ መኪና እየተቀባ ባለበት ቀን ከሄዳችሁ ቀለም ቀቢው በትራፊው ደስ ብሎት ይረጭላችኋል፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው። እኔ ግን አልመክርም። እውነተኛ መኪና ላይ ያለ ቀለም ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያው ውፍረት በ1/24 መኪና ላይ ሲያርፍ 2.4 ሚሊ ሜትር የወፈረ ቀለም ማለት ነው። ያን ሁሉ የደከማችሁበትን የበር መስመር ይደፍነዋል። ከእነሱ የሚወሰደው ምክር ነው፤ ስለ ቲነር፣ ስለ ብርጭቆ ወረቀት የሚያውቁትን ተቀምጣችሁ ጠይቁ።

ስለ ቀለሙ ምርጫ፦ የዘመኑ ፎቶዎች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለም አትገምቱ፤ ቀይና ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ባለቀለም ፎቶ ያገኛችሁላትን መኪና ሥሩ። ነጭ ከሆነች ድፍን ነጭ አትቀቧት። ትንሽ መኪና ላይ ድፍን ነጭ ዓይን ይወጋል፤ ወደ ክሬም ጠጋ ያለው የሩቅ መኪና ይመስላል። ነጭ ጠርዝ ላይ ስለሚሳሳ ክንፎቹን መጀመሪያ ለብቻ በስሱ ርጩ፣ ከዚያ ሙሉውን ርጩ።

የበሩ ቁጥር ያለበት ክብ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሮጌ አምስት ሳንቲም ካላችሁ ልኩ ነው። ማስታወቂያ ሥራ ቤት ስቲከር ላይ ቁጥሩን ይቆርጡላችኋል፤ ግን ስቲከር ውፍረቱ ይታወቃል። እኔ ቁጥሩ ተቆርጦ የወጣለትን የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ቀዳዳውን በቀለም እሞላዋለሁ። ፕላስተሩን መጀመሪያ መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ጠርዙን በአዲስ ምላጭ ቁረጡ። መኪናዋ ላይ ከለጠፋችሁ በኋላ በጠርዙ ላይ የሥሩን ቀለም በስሱ ርጩ፤ የሚፈስስ ካለ ያው ቀለም ነው የሚፈስሰው፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ከዚያ ቁጥሩን ርጩ። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፕላስተሩን ወደ ራሱ እያጠፋችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡ።

ጭቃው

ሳፋሪ ያለ ጭቃ አይሆንም። ውድድሩ የሚካሄደው በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን ነበር፤ በዚያ ወቅት ኬንያ ዋና ዝናቧ ላይ ናት። ስለዚህ የምትሠሩት የበጋ አቧራ ሳይሆን እርጥብ፣ የጠቆረ ጭቃ ነው።

ከሐኪም ጋራ ግርጌ ቀይ አፈር ውሰዱ፣ አድርቁ፣ ፍጩ፣ በሻሽ ጨርቅ ደጋግማችሁ ንፉ። 1 ሚሊ ሜትር የሆነች አሸዋ በ1/24 ላይ 2.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጠር ናት። በሻሽ ያላለፈው ይጣል። ያለፈውን በውሃና በጥቂት ኮላ፣ ወተት ያህል እስኪቀጥን አሹት። ትንሽ ጥቁር የውሃ ቀለም ጨምሩ። በፊት ግን መኪናዋን ግልጽ ቫርኒሽ ቅቧት፣ ቀለሙ ይጠበቃል፤ ያረፈበት ያላማራችሁን ጭቃም ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ ታነሡታላችሁ።

ጭቃ በየቦታው አያርፍም፤ ጎማ የሚወረውረው ወዴት እንደሆነ አስቡ። የፊት ጎማ በሩን ይመታል፣ የኋላው ጭራዋን። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጫፍ ነክራችሁ፣ ጸጉሩን በጣታችሁ ወደ ኋላ እየለቀቃችሁ ከጎማው ጀምራችሁ ርጩ። ከታች ወፍራም፣ ወደ መስኮት ሲወጣ ነጠብጣብ ብቻ። ጣሪያው ላይ ጥቂት ይበቃል። የበሩ እጀታ ዙሪያ ግን ሰው ስለሚነካው ጭቃው የተሻሸ ነው፤ በጣታችሁ አሹት።

የፊት መስታወት ላይ ያለውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የዝናብ መጥረጊያው የሚጠርገውን ቅስት ከፕላስተር ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ ጭቃውን ርጩ፣ ሲደርቅ አንሡት። ሁለት ንጹሕ ቅስቶች ይቀራሉ። ሰው ይህን ሲያይ ነው «ይቺ መኪና ተነድታለች» የሚለው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ የፕላስቲክ ኪት፣ ማለትም ክፍሎቹ ተዘጋጅተው የሚገጣጠም ሞዴል፣ ማስመጣት ትችላላችሁ። የጃፓኑ ታሚያ ተራ መኪኖችን በ1/24፣ የፎርሙላ 1ን በ1/20 ይሠራል። ከላይ ያልኩት የቀለም ነገር ሁሉ ያገለግላል፤ ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክፍሎቹን ሳትቀቡ በፊት ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡ፤ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ጠንካራ የኒትሮ ቲነር ያን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ክፍሎቹ የተያያዙበት ትርፍ ዘንግ ላይ ሳትሞክሩ አካሉ ላይ ምንም አትርጩ። ውሃ ውስጥ ተነክረው የሚለጠፉት ጽሑፎች በድሬ ሙቀት ቶሎ ይደርቃሉና እርጥብ ብሩሽ ከእጃችሁ አይለይ።

ስታልቅ ከመስኮት ፀሐይ አርቋት፤ ቀይ ቀለም ቶሎ ይለቃል። ከሥሯ በሁለት ብሎን ጣውላ ላይ እሰሯት፤ በኮላ ከሆነ አንድ ቀን ለጥገና ስትፈልጓት ትሰበራለች። መስታወት ቤት 22 በ11 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥር የሌለው ሳጥን በሲሊኮን ያያይዙላችኋል። የሲሊኮኑ ሽታ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ግን አትድፉባት።